ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ፤ የባሕርን ሕይወት ከነደንጊያው ወደ ቤት ያስገባ ሰው



በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ ብዙ ጓደኞቼ የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ታሪክ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ስሙ በአገራችን ብዙ የማይነሣውን፣ የሥራው ፍሬ ግን በየሆቴሉና በየቤቱ የሚታየውን አንድ እንግሊዛዊ መርጫለሁ። ይህ ሰው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ይባላል። ዓሣ የሚኖርበትን የመስታወት ገንዳ ዛሬ ዓለም ሁሉ አኳሪየም ብሎ የሚጠራው እርሱ በሰጠው ስም ነው።

ታሪኩን እንዳነብ ያደረገኝ የራሴ ጥፋት ነው። እዚህ ጎፋ የሚኖሩት አጎቴ በጂቡቲ መንገድ ለብዙ ዘመን ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የባሕርን ነገር እጅግ ስለ ወደዱ ሥራቸውን ከተዉ በኋላ በሳሎናቸው ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ ገንዳ አቆሙ። ገንዳው ሁለት ዓመት የሞላውና ጸንቶ የቆመ ነበር፤ አራት ዓሦችም በደኅና ይኖሩበት ነበር። ባለፈው የካቲት ከዱባይ በዘመድ እጅ ደረቅ የባሕር ደንጊያ በካርቶን መጣላቸው። እርሳቸው ለለቅሶ አገር ቤት በሄዱ ጊዜ፣ እኔ ሲመለሱ ደስ ላሰኛቸው ብዬ 12 ኪሎ የሚሆነውን ደንጊያ ሁሉ በአንድ ቀን ከገንዳው ጨመርሁት። በሦስተኛው ቀን ውኃው እንደ አጓት ደፈረሰ። በአምስተኛው ቀን ከአራቱ ዓሦች ሦስቱ ሞተው ተገኙ። አጎቴ ሲመለሱ አልተቆጡም፤ የሞቱትን የት እንደ ቀበርኋቸው ብቻ ጠየቁኝ።

ደንጊያ እንዴት ዓሣ ሊገድል ይችላል? ደረቅ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ከባሕርም የመጣ ነው። ይህንን ስመረምር ነው እንግዲህ ከጎስ ጋር የተዋወቅሁት። ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጎስ ኤፕሪል 6 ቀን 1810 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዉስተር በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቶማስ ጎስ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሰዎችን መልክ በትናንሽ ሰሌዳ ላይ የሚሥል ሠዓሊ ነበር። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ስለማያስገኝ የቤተ ሰቡ ኑሮ በችግር የተያዘ ነበር። ልጁ ያደገው ፑል በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ከአባቱ በጥቃቅን ነገር ላይ መሣልን ተማረ፤ ቤል ከምትባል አክስቱ ደግሞ ስለ ነፍሳትና ስለ ባሕር እንስሳት ሰማ። አክስቲቱ ስለ ባሕር አኔሞን ነገረችው። አኔሞን ማለት ደንጊያ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ሲያዩት አበባ የሚመስል፣ ነገር ግን በዙሪያው ባሉት ክንዶች ምግቡን እየያዘ የሚበላ እንስሳ ነው።

ገና 17 ዓመት ሲሆነው፣ በ1827 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ቤተ ሰቡን ለመርዳት በመርከብ ተሳፍሮ ኒውፋውንድላንድ ወደሚባለው የሰሜን አሜሪካ ደሴት ሄደ። እዚያም ካርቦኒር በምትባል ወደብ፣ ዓሣና የባሕር ውሻ ቆዳ በሚነግድ ቤት የሒሳብ ጸሐፊ ሆነ። ከእኛ ክፍል አብዛኞቻችን የምንበልጠው በዕድሜ ነው፤ እርሱ ግን በዚያ ብርድ አገር ስምንት ዓመት ቆየ። በ1832 ዓ.ም. ስለ ማይክሮስኮፕ የተጻፈ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት የነጋዴ መዝገብ ሲዘጋ ነፍሳትን መሰብሰብና መሣል ጀመረ። መምህር አልነበረውም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በ1835 ዓ.ም. ከወዳጆቹ ጋር ወደ ካናዳ ገብቶ እርሻ ጀመረ፤ መሬቱ ግን ክፉ፣ ክረምቱም ረዥም ስለ ነበር በሦስት ዓመት ውስጥ ገንዘቡ አለቀ። በ1838 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ደቡብ ወርዶ በአላባማ የጥጥ ባለርስቶችን ልጆች በአንዲት የግንድ ቤት ውስጥ አስተማረ። በትርፍ ጊዜው የአገሩን ቢራቢሮዎችና አበቦች በቀለም ሣለ። ይሁን እንጂ በዚያ አገር ጥቁሮች በባርነት ተይዘው ሲገረፉ እያየ መኖር ስለ ከበደው ዓመት ሳይሞላው ተነሥቶ ሄደ። በ1839 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሲመለስ ዕድሜው 29 ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ በኪሱ የነበረው የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያ የእጅ ጽሑፍ ስለ ካናዳ ተፈጥሮ የጻፈው ነበር። ሎንዶን ውስጥ ቫን ቮርስት ለሚባል አሳታሚ አስረከበው። አሳታሚው መጽሐፉን ወድዶ 100 ጊኒ እንደሚከፍለው በነገረው ጊዜ ጎስ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት አለቀሰ ይባላል። መጽሐፉ በ1840 ዓ.ም. ታተመ። ቀጥሎም ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍቶ እያስተማረ መጻፉን ገፋበት። በ1844 ዓ.ም. ወፎችን እንዲሰበስብ ወደ ጃማይካ ደሴት ተጓዘ፤ አሥራ ስምንት ወር ያህል ቆየ። እዚህ ላይ ስለ ጎስ የምወድለት አንድ ነገር አለ። በዚያን ዘመን የነበሩ ብዙ ኤውሮፓውያን ተመራማሪዎች የአገሩ ሰዎች የሠሩላቸውን ሥራ በራሳቸው ስም ብቻ ያሳትሙ ነበር። ጎስ ግን ሳሙኤል ካምቤል የተባለው የጃማይካ ወጣት በመሰብሰብ እንዴት እንደ ረዳው በመጽሐፉ ጻፈ፤ ሪቻርድ ሂል የተባለውን የጃማይካ ሊቅ ስምም በ1847 ዓ.ም. ባወጣው የወፎች መጽሐፍ የፊት ገጽ ላይ ከራሱ ስም በታች አሰፈረ።

በ1848 ዓ.ም. ኤሚሊ ቦውስ የምትባል፣ እርሷም መጻሕፍት የምትጽፍ ሴት አገባ። በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር ልጃቸው ኤድመንድ ተወለደ። በዚያ ቀን ከጃማይካ አንዲት አረንጓዴ ወፍ በፖስታ ደርሳው ስለ ነበር፣ አባትዬው የሁለቱን መምጣት በቀን መዝገቡ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ጽፎ ተገኝቷል። እናቶቻችን ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ያለ ዕረፍት በመጻፉ ጤናው ስለ ታወከ ሐኪሞች ወደ ባሕር ዳር እንዲሄድ መከሩት። በ1852 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ወደ ዴቨን አውራጃ ወረደ። ከዚህ ጀምሮ ያለው የሕይወቱ ክፍል ነው ዋናው።

በዴቨን ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ውኃው ሲሸሽ በዐለቱ ጉድጓዶች ውስጥ ትናንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ በውስጣቸውም አኔሞን፣ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ ትናንሽ ዓሣና ልዩ ልዩ የባሕር አረም ይታያል። ጎስ ወገቡ ድረስ ከውኃ ገብቶ፣ ቅርጫትና ብልቃጥ ተሸክሞ፣ እነዚህን ኩሬዎች ይመረምር ነበር። ችግሩ ወደ ቤት ማምጣቱ ላይ ነው። እንስሳቱን በባሕር ውኃ በተሞላ ዕቃ ቢያስቀምጧቸው በጥቂት ቀን ውስጥ ውኃው ይሸትትና ይሞታሉ። ውኃውን በየቀኑ መለወጥ የሚችል፣ ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ብቻ ነበር ሊያኖራቸው የሚችለው።

ይህን ችግር ለማሸነፍ የሞከረ የመጀመሪያው ሰው ጎስ አይደለም፤ እርሱ ብቻውን አገኘው የሚሉ ጽሑፎች ይሳሳታሉ። ዣን ቪልፕሬ ፓወር የምትባል ፈረንሳዊት ከ1832 ዓ.ም. ጀምሮ በሲሲሊ ደሴት የባሕር እንስሳትን በመስታወት ዕቃ አኑራ መርምራለች። አና ታይን የምትባል እንግሊዛዊት በ1846 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ኮራል ወደ ሎንዶን አምጥታ፣ ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ በማንቆርቆር አየር እየሰጠች አኑራለች። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ደግሞ በ1850 ዓ.ም. ገደማ በጣፋጭ ውኃ ውስጥ ዓሣ፣ ቀንድ አውጣና የውኃ ተክል በአንድነት ቢኖሩ አንዱ ሌላውን እንደሚረዳ አሳየ። ዓሣው የሚያወጣውን ቆሻሻ አየር ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ ደግሞ ኦክሲጅን ይሰጣል።

ጎስ ይህንን ሐሳብ ይዞ ወደ ባሕር ተክል ዞረ። የባሕር አረም ደግሞ እንደ ጎመን ሥር የለውም፤ ደንጊያውን ቆንጥጦ የሚይዝበት መያዣ ብቻ ነው ያለው። ከደንጊያው ላይ ነቅለው ቢያመጡት ይበሰብሳል፤ መበስበሱም ውኃውን ይመርዘዋል። ስለዚህ ጎስ መዶሻና መሮ ይዞ እየወረደ፣ አረሙ የበቀለበትን የዐለት ቁራሽ ራሱን እየፈለጠ ያወጣ ጀመር። ደንጊያው ከነነፍሱ መጣ ማለት ነው። በዚያ ቁራሽ ላይ ከአረሙ ሌላ በዓይን የማይታዩ ብዙ ነገሮች አብረው እንደሚመጡ በማይክሮስኮፑ ከፊሉን አይቷል። እንዲህ ባሉ ደንጊያዎች የተሞላው ዕቃ ውኃው ሳይለወጥ ለብዙ ጊዜ ጸና።

በሜይ 1853 ዓ.ም. የሎንዶን የእንስሳት መጠበቂያ የዓሣ ቤት ብሎ ለሕዝብ ከፈተ። በዓለም ላይ ሕዝብ የሚጎበኘው የመጀመሪያው አኳሪየም ይህ ነው። ጎስ ብዙ የባሕር እንስሳትን ከጠረፍ እየላከ ረዳ። በዚያው ዓመት የዴቨንን ጉዞውን መጽሐፍ አወጣ፤ በ1854 ዓ.ም. ደግሞ አኳሪየም የሚለውን መጽሐፉን ራሱ በሣላቸው ባለ ቀለም ሥዕሎች አስጊጦ አሳተመ። አኳሪየም የሚለው ቃል ቀድሞም በአትክልተኞች ዘንድ የውኃ ተክል ለሚያኖሩበት ገንዳ ያገለግል ነበር፤ ጎስ ግን ለእንስሳቱ ቤት ሰጠውና በዚያው ጸና። በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዝ የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል አድርጎ መረጠው። ያ ትምህርት ቤት በቅጡ ያልጨረሰው የሒሳብ ጸሐፊ!

ለእኛ ለጎፋ ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው በ1854 ዓ.ም. ጸደይ የሠራው ሥራ ነው። ከባሕር የራቀ ሰው የባሕር ውኃ ከየት ያገኛል? ጎስ ኬሚስቶች የባሕርን ውኃ መርምረው ያወጡትን መጠን ተመልክቶ አራት ጨዎችን ብቻ መረጠ። ወደ ዛሬው ሚዛን ብንለውጠው 99 ግራም ያህል የምግብ ጨው፣ 7 ግራም ያህል ማግኒዚየም ሰልፌት (ሰዎች ሆድ ለማጠብ የሚወስዱት መራራው ጨው)፣ 13 ግራም ያህል ማግኒዚየም ክሎራይድና ከ3 ግራም ያነሰ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ አራት ሊትር ተኩል በማይሞላ ውኃ ውስጥ ማሟሟት ነው። ዛሬ በሚሸጠው የአኳሪየም ጨው ውስጥ ካልሲየምም ይገባል፤ ኮራል አካሉን የሚሠራው በእርሱ ስለ ሆነ የጎስ ውኃ ለኮራል አይበቃም ነበር። ለአኔሞንና ለሸርጣን ግን በቃ።

አሁን ልብ በሉ። ጎስ ውኃውን ካጣራ በኋላ ከገንዳው በታች በደንብ የታጠቡ ጠጠሮች አነጠፈ፤ ከዚያም አረንጓዴ የባሕር አረም የበቀለባቸውን አንድ ሁለት የደንጊያ ቁራሾች አስገባ። እንስሳቱን ግን ወዲያው አላስገባም። አንድ ሳምንት ያህል ጠበቀ። ውኃው ሕያው በሆነው ደንጊያ አማካይነት ከተሰናዳ በኋላ ነው እንስሳቱ የገቡት። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ፤ እኔ ያላደረግሁት ይህንኑ ነበራ።

ጎስ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ በልምድ ዐወቀ እንጂ ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ አላወቀውም። እርሱ ምስጋናውን ሁሉ ለአረሙ ሰጠ። ሁለት ፈረንሳውያን፣ ሽሌዚንግና ሙንትስ፣ በ1877 ዓ.ም. አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ሕያዋን ጥቃቅን ፍጥረታት መሆናቸውን አሳዩ። በ1890 ዓ.ም. ሰርጌ ዊኖግራድስኪ የተባለው ሩስያዊ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣቸው፤ ጎስ ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሥራቸውም እንዲህ ነው። ዓሣ ከሚያወጣው ነገርና ከሚበሰብሰው ሁሉ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው፤ እንደ ባሕር ባለ ውኃ ውስጥ ደግሞ መርዝነቱ ይበረታል። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እርሱም መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ እምብዛም አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ በውኃው ውስጥ ከሚንሳፈፉት ይልቅ በደንጊያው ላይና በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተጣብቀው የሚኖሩት ይበዛሉ።

እንግዲህ በአጎቴ ቤት የሆነው ግልጽ ነው። ደረቁ ደንጊያ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም ከቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀድሞ በባሕር ሳለ ይኖሩበት የነበሩ የትላትልና የእስፖንጅ ቅሪቶች ደርቀው ተቀምጠዋል። ውኃ ሲያገኙ እንደገና ረጠቡ፤ በሰበሱ፤ አሞኒያ አወጡ። በአሮጌው ደንጊያ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ለአራት ዓሦች ቆሻሻ የሚበቁ ነበሩ እንጂ ለ12 ኪሎ ብስባሽ የሚበቁ አልነበሩም። ሌሎች ባክቴሪያዎች ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሲባዙ እነዚህ አንድ ቀን ያህል ወይም የበለጠ ይፈልጋሉ። የሚያበሰብሱት ፈጣኖቹ ሲበዙ ውኃው ደፈረሰ፤ ኦክሲጅኑንም ጨረሱት። በዚህ ላይ ጎፋ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳሩ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ በውኃችን ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚያ ሳምንት አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሞም ነበር። በባሕር ዳር ከተማ ቢሆን ዓሦቹ ምናልባት ይተርፉ ነበር፤ እኛ ግን የምንኖረው ከተራራ ላይ ነው።

ወደ ጎስ ልመለስ። የመጽሐፉ ዝና በወጣ ጊዜ ሕዝቡ አኳሪየም አበደ ቢባል ይቀላል። በሎንዶን የባሕር ውኃና አኔሞን የሚሸጡ ሱቆች ተከፈቱ፤ ባለጠጎች ሳሎናቸውን በገንዳ አስጌጡ። በዚህ ክብር መካከል ግን በ1856 ዓ.ም. ኤሚሊ የጡት ነቀርሳ ያዛት። ብዙ ከተሠቃየች በኋላ በፌብሩዋሪ 1857 ዓ.ም. ሞተች፤ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ጎስ የሃይማኖቱን ቃልና በዐለት ውስጥ የሚገኙትን የጥንት እንስሳት ቅሪት ለማስታረቅ ብሎ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ዓለም ስትፈጠር ያረጀች መስላ ተፈጠረች የሚል ሐሳብ ነበረው። የሳይንስ ሰዎች ሣቁበት፤ የሃይማኖት ሰዎችም አልተቀበሉትም። ከሁሉም የባሰ ያሳዘነው የወዳጆቹ ዝምታ ነው። ሐሳቡ ልክ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሚስቱ በሞተች ዓመት ከሁለቱም ወገን የተጣለ ሰው ምን እንደሚሰማው ማሰብ አያቅትም።

ሎንዶንን ትቶ ልጁን ይዞ ቶርኪ አጠገብ ወዳለችው ሴንት ሜሪቸርች ገባ። እዚያም በየቀኑ ከልጁ ጋር ወደ ጠረፉ እየወረደ በእንግሊዝ አገር ስላሉት አኔሞኖች ትልቁን መጽሐፉን ከ1858 እስከ 1860 ዓ.ም. በክፍል በክፍል አወጣ። በ1860 ዓ.ም. ኤሊዛ ብራይትዌን የምትባል ደግ ሴት አገባ፤ ኤድመንድም እንደ እናት አየችው።

ነገር ግን አንድ ሐዘን አልቀረለትም። መጽሐፎቹን ያነበቡ ሰዎች በሺህ እየሆኑ፣ እርሱ እንዳደረገው መዶሻና መሮ ይዘው፣ ወደ ባሕር ዳር ጎረፉ። እርሱ አንድ ቁራሽ በወሰደበት ቦታ እነርሱ ቅርጫት ሞሉ። ደንጊያውን ፈለጡት፤ ኩሬዎቹን ባዶ አደረጉ፤ በሱቅ የሚሸጡትም በጋሪ ጫኑ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ አድጎ ስመ ጥር ደራሲ ከሆነ በኋላ በ1907 ዓ.ም. ባወጣው የአባቱና የራሱ ታሪክ ውስጥ ይህን ጽፎታል። በልጅነቱ ያያቸው እንደ አበባ መስክ የነበሩ ኩሬዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፉ፤ አባቱም ለዚህ ጥፋት ሳያስበው መንገድ የከፈተው እርሱ መሆኑን ዐውቆ እጅግ ያዝን ነበር። እኔ የጎስን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ይህ ነው። ከክፋት አልሠራውም፤ ለማሳየት ብሎ ነው። የጠፋው ግን ጠፋ።

በሽምግልናው አበባና ከዋክብትን ይወድ ነበር። በቴሌስኮፕ ሰማይን ለማየት በክረምት ሌሊት መስኮት ከፍቶ ሲቀመጥ ብርድ መታው፤ ከዚያም በኋላ አልዳነም። ኦገስት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በ78 ዓመቱ በቤቱ ሞተ።

ከእርሱ ሞት በኋላ የሕያው ደንጊያ ነገር በሰፊው የተነሣው በ1961 ዓ.ም. ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው የጻፈው በተነበበ ጊዜ ነው። ይህ ሰው ከኮራል ባሕር ያወጣውን ደንጊያ ከነነፍሱ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ አየር ብቻ እየነፋበት ዓሣና ኮራል አኖረ። ዘዴው ሲስፋፋ የዴቨን ታሪክ ተደገመ፤ ሰዎች በሞቃቱ ባሕር ያለውን ዐለት እየፈለጡ በቶን ይሸጡ ጀመር። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ በፍሎሪዳ ባሕር ከተፈጥሮ ዐለት ላይ ሕያው ደንጊያ መቁረጥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፈጽሞ ተከለከለ። ደረቅ ደንጊያ የበዛው ከዚህ ወዲያ ነው። አንዳንዱ በሰው እጅ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱም ባሕሩ ከሸሸበት የብስ ላይ የተቆፈረ የጥንት ኮራል ነው። እንዲህ ያለ ኮራል በአገራችንም እንዳለ ማን ይገምታል? በአፋር በደናክል ዝቅታ ዳር ዳር፣ ዛሬ ጨው በሚቆረጥበት ሜዳ ዙሪያ፣ ቀይ ባሕር ከ120,000 ዓመት በፊት ገደማ ገብቶበት በነበረ ጊዜ የበቀለ የኮራል ዐለት ደርቆ ቆሟል። የጂኦግራፊ መምህራችን ይህን ሲነግሩን ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ።

ስለዚህ ደረቁን ደንጊያ መናቅ አይገባም፤ ሕያውን ዐለት ከመፈለጥ ያድናል። የሚጠይቀው ግን ጊዜ ነው። አሁን እኔና አጎቴ ይህን እያደረግን ነው። ደንጊያውን ከገንዳው አውጥተን በብሩሽ ፈተግነው፤ ደጋግመንም በውኃ አጠብነው። አንዳንድ ሰው ይቀቀል ይላል፤ ይህ አደገኛ ነው፤ በአንዳንድ የባሕር ደንጊያ ላይ የሚገኝ መርዝ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤተ ሰብን በሙሉ አሳምሞ ያውቃል። ከዚያም በጓሮ ባለው በርሜል ውስጥ የጨው ውኃ ሞልተን፣ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ጨው እያደረግን፣ ማሞቂያና ፓምፕ አስገብተን ደንጊያውን ነከርነው። ከሳሎኑ ገንዳ አንድ የጡጫ ያህል አሮጌ ደንጊያ ወስደንም መካከሉ ላይ አስቀመጥን፤ ባክቴሪያው ከእርሱ ላይ ወደ አዲሶቹ እንዲሻገር ነው። በርሜሉን ከፋሲካ ወዲህ አልነካነውም፤ ውኃውን ብቻ ሁለት ጊዜ ለወጥን። መጀመሪያ እጅግ ይሸት ስለ ነበር ጎረቤቶቻችን ምን እንደ ሞተ ጠይቀውናል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሽታው ጠፋ። የአሞኒያ መፈተኛው ጠብታ መጀመሪያ ውኃውን ጥቁር አረንጓዴ ያደርገው ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየነጣ ሄዶ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ቢጫ ማለት አሞኒያ የለም ማለት ነው። ናይትራይቱም እንዲሁ ወርዷል።

አጎቴ የፊታችን ቅዳሜ ሁለት ደንጊያ ብቻ እንድናስገባ ፈቅደዋል። ከአሸዋው ላይ ሳይሆን ከመስታወቱ ወለል ላይ አጽንተን እናስቀምጣቸዋለን፤ አሸዋ ከሥር ቢሸሽ ተንከባልለው መስታወቱን እንዳይሰብሩ። ደንጊያው የሚያፈናቅለውን ያህል ውኃ አስቀድመን እንቀዳለን። የቀሩትን ደግሞ ሁለት ሁለት እያደረግን በየአሥራ አምስት ቀኑ እንጨምራለን፤ በመካከሉ ውኃውን በየማታው የምፈትነው እኔ ነኝ። ከአራቱ የተረፈው አንዱ ዓሣ አሁንም አለ፤ አሮጌው ደንጊያ ሥር ካለችው ቀዳዳ ራሱን አውጥቶ ይመለከተናል።